የመጀመሪያው ስንኝ

ዛሩሂ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ከፍታ በስልክ ስታንሾካሹክ፣ እናቷ አርፔኒክ ከበሩ ማዶ በባዶ እግሯ ቆማ ታዳምጥ ነበር። ውሃ ፊት ለመታጠብ ብቻ እንደማይከፈት ሰባ አንድ ዓመት የሬቫን ውስጥ የኖረች ሴት ጠንቅቃ ታውቃለች። በወጣትነቷ ዘመን ቁም ነገር የሚያወራ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ቧንቧውን ይከፍት ነበር፤ ግድግዳው ጆሮ ነበረዋ። ልጅቷ ያንን ዘመን በደንብ አላየችውም፣ ቧንቧ መክፈቱን የተማረችው ከእናቷ ነው። ግን የእናትየው ጆሮ ለዘፈን የሠለጠነ ስለሆነ ከሚወርድ ውሃ ውስጥ ድምፅ መልቀም ያውቅበታል።

«አዳራሹ እኩለ ቀን ላይ ነው የሚከፈተው… አዎ፣ ከሞስኮም ከሎስ አንጀለስም የመጡ አሉ… ኧረ አትጨነቂ፣ እማዬ ምንም አልሰማችም። ጁልዬታ አጠገቧ ትቀመጣለች፣ እኛ ደርሰን እንመለሳለን።»

የቀረውን ውሃው ዋጠው። የተሰማው ግን ይበቃ ነበር። አዳራሽ፣ ከውጭ የመጡ እንግዶች፣ እሷን የምትጠብቅ ዘበኛ ጎረቤት። አርፔኒክ ወደ ክፍሏ ተመልሳ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ነገሩን እንደ አሮጌ ሹራብ ተረተረችው። በሐምሌ ወር ጸጉሩን በቅባት የለጠፈ አንድ የቴሌቪዥን ልጅ «የሰባት አውታር ቡድን ሃምሳኛ ዓመት በመጪው መኸር በታላቅ ኮንሰርት ይከበራል» ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም አልደወለላትም። የሰባት አውታር ብቸኛ ሴት ድምፃዊት ማን ሆነችና ነው የማይደወልላት? ስለዚህ ኮንሰርቱ ዛሬ ነው። የእሷን ድርሻ ከንፈሯን ያስነፋች አንዲት ጨቅላ ትዘፍናለች፣ የገዛ ልጇና አማቿ ደግሞ ሊያጨበጭቡ ይሄዳሉ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ እሷ ደግሞ በሕይወቷ ሳትጠረጥር ያደረችበት ቀን የለም።

ምልክቱማ ቀድሞ ታይቶ ነበር። ቴሌቪዥኑ ቅዳሜ ዕለት ዝም አለ። አማቿ ህማያክ መሐንዲስ ነው፣ የጎረቤት ማቀዝቀዣ ሁሉ የሚጠግን ሰው፤ ለቴሌቪዥኑ ግን «ገመዱ ነው፣ ባለሙያ ሐሙስ ይመጣል» ብሎ ጀርባውን እንኳ ሳያይ ተወው። በዚያው ቀን ዛሩሂ ታብሌቷን «ስክሪኑ ሊሰነጠቅ ነው» ብላ ወሰደችባት። ሊሰነጠቅ! ሳይሰነጠቅ የሚጠገን ዕቃ ማን አይቶ ያውቃል? ትናንት ደግሞ ጓሮ ስትወርድ፣ ለክረምት የሚቀመጠውን ቃሪያና ደበርጃን እሳት ላይ የሚጠብሱት ሴቶች ልክ እሷ ስትደርስ ወሬያቸውን ቆረጡና ስለ ኮምጣጤ ማውራት ጀመሩ። ናርዲ የሚባለውን የገበታ ጨዋታ የሚጫወቱት ሽማግሎች እንኳ የሚጥሉትን ጠጠር ጨብጠው ቀሩ። አርፔኒክ ሰላምታ ሳትሰጥ ተመለሰች።

ቁርስ ላይ ሁሉም ከልክ በላይ ደግ ሆኑ። ዛሩሂ ልቧን ቀዶ ሕክምና ካደረገች ጀምሮ የከለከለቻትን ቅቤ ዳቦው ላይ ወፍራም አድርጋ ቀባችላት፤ ህማያክ የአፕሪኮት ማርማላታውን ወደሷ ገፋ አደረገው። ማክሰኞ ቀን ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ከሠርጉ ወዲህ ነጭ ለብሶ አይታው አታውቅም።

«ምነው እንዲህ ዘነጥክ?»

«ስብሰባ አለብን እማማ። ከበላይ የመጡ ሰዎች አሉ።»

«ከሞስኮ?»

ህማያክን ሻዩ ትን አለው። ዛሩሂ ጀርባውን መታ መታ እያደረገች ስለ ቃሪያ ዋጋ ማውራት ጀመረች፤ ዘንድሮ ቀይ ቃሪያ በኪሎ አራት መቶ ሃምሳ ድራም ገብቷል፣ ማሰሮ ክዳኑም ተወዷል፣ በዚህ አያያዝ ከሱቅ ገዝቶ መብላት ሳይሻል አይቀርም። ዓይኗ ቀልቶ ነበር። እናቷ አተኩራ ስታያት «ሽንኩርት ነው» አለች። ጠረጴዛው ላይ ሽንኩርት አልነበረም፤ ወጥ ቤቱም ሽንኩርት ሽንኩርት አይልም። የሰረቀ ሰው ዓይን እንዲህ ነው ስትል አርፔኒክ በልቧ ፈረደች።

«እኩለ ቀን ላይ ትተኛለሽ አይደል እማዬ?»

«እንቅልፍ ከመጣ።»

«ጁልዬታ ትመጣለች፣ ካርታ ትጫወታላችሁ።»

«ጁልዬታ ታጭበረብራለች።»

«እንግዲያው ሁለታችሁም ታጭበረብራላችኋ» አለች ዛሩሂ፤ ልትስቅ ሞከረችና ከንፈሯ እምቢ አላት። ከዚያ ብድግ ብላ እናቷን ግንባሯ ላይ ሳመቻት። በዚህ ቤት በሥራ ቀን መሳሳም አልተለመደም። ባልና ሚስት ተከታትለው ሲወጡ ዛሩሂ ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ ነበር፤ ውጭው ሞቃት ነው፣ ከስር የለበሰችውን ለመደበቅ ካልሆነ ለምን ትቆልፈዋለች?

የስልኩም ነገር ነበር። ከነሐሴ ጀምሮ ረፋድ ላይ፣ ቤቱ ባዶ ሲሆን፣ ኮሪደሩ ላይ ያለው አሮጌ ስልክ ይጮህ ነበር። አንስታ «አቤት» ስትል የሚናገር የለም። የሚያፏጭ ትንፋሽ ይሰማል፣ ቀጥሎ ደግሞ ቋ… ቋ… ቋቋ። ዝም። እንደገና ቋ… ቋ… ቋቋ። አርፔኒክ ይህን ማንኳኳት ከድሮ ታውቀዋለች ባይ ናት። ቡድኑ ከቤይሩት ጉዞ የተመለሰ ጊዜ ዓመቱን ሙሉ ስልኳ እንዲህ ይንኳኳ ነበር፤ ሌላ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሲያዳምጥ መስመሩ ይንኳኳል ይባል ነበርና። ያ የሶቪየት መንግሥት ፈርሶ አገሩ ስሙን ከቀየረ ስንት ዘመኑ፣ አድማጮቹ ግን ጡረታ የወጡ አልመሰላትም። ወይም ቤቱ ባዶ መሆኑን የሚያጣራ ሌባ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ዘጋችበት፣ በሁለተኛው መሳደብ ጀመረች። «አንተ የሰው ቤት አድማጭ፣ አፍ የለህም? አንደበትህ ይዘጋ!» ደዋዩ አይዘጋም፤ ትንፋሹ ፈጠን ፈጠን ይላል እንጂ። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ አርፔኒክ ያንን ሰዓት መጠበቅ ጀምራ ነበር። የዛሩሂን አለቃ፣ የቃሪያውን ዋጋ፣ የዘመኑን ዘፋኞች ሁሉ እዚያው ስልክ ላይ ትሰድባለች። እሷን ያን ያህል ጊዜ የሚያዳምጥ ሌላ ሰው አልነበራትም። ባለፈው ዓርብ ግን ስልኩ አልጮኸም። ቅዳሜ ቴሌቪዥኑ ዝም አለ። ሁለቱ ነገሮች አንድ እናት አላቸው ስትል ወሰነች።

ቁም ሣጥኗን ከፈተች። ወርቃማው ቀሚስ ናፍታሊን ናፍታሊን እየሸተተ በአንሶላ እንደተጠቀለለ ነበር። ይህን ቀሚስ የለበሰችው ለአዲስ ዓመት የቴሌቪዥን ዝግጅት ነው፣ ጸጉረ ረጅም ወንዶች ስቱዲዮ በር ላይ በመቀስ እየተጠበቁ በሚሸለቱበት ዘመን። ከቡድኑ ጊታር ተጫዋችና ድምፃዊ ከሚህራን ጋር የሚዘፍኑት «ድልድዩ ላይ» የሚባለው ዘፈን የተሠራው በጉዞ አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ ዜማውን እሷ አመጣች፣ እሱ በጊታር አቃናው። የመጀመሪያው ስንኝ የሚጠብቀው ሰው ነው፣ ሁለተኛው «መጣሁ» እያለ የሚደርሰው። ሚህራን ሁልጊዜ መጀመሪያውን ይይዛል። «ለምንድነው ሁልጊዜ እኔ መጪ፣ አንተ ጠባቂ የምትሆነው?» ብትለው «ወንድ ይጀምራል፣ የመድረክ ሕግ ነው» ይላታል። ለዚያ የቴሌቪዥን ዝግጅት ግን እሷ እንድትጀምር ቃል ገባላት። በእናቱ መቃብር ማለላት። መብራቱ በራ፣ ሚህራን ራሱ ጊታሩ ላይ የመግቢያውን ምት ቆጠረ፣ ከበሮ መቺ አያምንም ነበርና። አርፔኒክ አፏን ስትከፍት እሱ ቀድሟት መዝፈን ጀምሮ ነበር። አገር ሙሉ አፏን ከፍታ ስትቀር አያት። ሰው ሁሉ ፍቅረኛሞች ይመስሉት ነበር፤ አልነበሩም። ፍቅር ቢሆን ኖሮ ቁስሉ በአንድ ክረምት ይሽር ነበር። ዓመታት አብረው ሠሩ፣ በኋላ በሌላ ሰበብ ተጣሉና እሷ ሕፃናት ዘፈን ማስተማር ገባች፣ እሱ የመብራት ችግር በነበረበት ጊዜ በየምግብ ቤቱ ለጥብስ በላተኛ ዘፍኖ ኋላ ባሕር ተሻገረ። መመለሱን ሰምታለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ግን ቃል አልተለዋወጡም። ዛሬ ያንን ስንኝ ትወስዳለች። ማይክሮፎኑን ከጨቅላይቱ እጅ ነጥቃ ትወስዳለች፣ እሱ ደግሞ አፉን ከፍቶ ይቀራል።

ዚፑ ግማሽ ላይ ቆመ፤ በሻርፕ ሸፈነችው። ከንፈሯን ስትቀባ ጁልዬታ ካርታዋን ይዛ ገባች። ጁልዬታ ከአልጋዋ ሳትቀባባ የማትነሣ ሴት ናት፣ ዛሬ ግን ፊቷ ባዶ ነበር።

«ወይ ጉድ! ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«እየለካሁ ነው። ስሞት የምለብሰውን እየመረጥኩ።»

ጁልዬታ ክው አለች። አማተበችና «ዛሬ ደግሞ እንዲህ አይባልም አርፔኒክ ጃን የኔ ውድ፣ በማርያም» አለች።

«ዛሬ ምን ነው?»

«ምንም! ማክሰኞ ነው!»

«ቃሪያሽ እያረረ ነው» አለች አርፔኒክ በመስኮቱ ወደ ጓሮው እያየች። ጁልዬታ ካርታውን በትና ደረጃውን እየዘለለች ወረደች። ዘበኝነቷ እዚያ ላይ አበቃ። አርፔኒክ በመንገድ በኩል ባለው በር ወጥታ ታክሲ አቆመች።

ጢማም ወጣት ሾፌር ነበር። «ወዴት ነው እማማ?» ሲል «ወደ ትልቁ አዳራሽ» አለችው። በመስታወቱ ወርቃማውን ቀሚስ አየ፣ ዓይኑን መለሰ። ሬዲዮው ላይ ሚህራን ይዘፍናል።

«አጥፋልኝ ይሄን። የምግብ ቤት ዘፈኑ ነው፣ ለጥብስ የዘፈነው።»

«ከጠዋት ጀምሮ ሁሉም ጣቢያ እሱን ነው የሚለቀው።»

«መቼስ በዓሉ አይደል።»

«በዓሉ?» አለ ልጁ። እንደገና በመስታወቱ አያት፣ ከንፈሩን ነከሰና ሬዲዮውን ዝቅ አደረገው። መንገድ ላይ ውሃ ትፈልግ እንደሆነ ጠየቃት። ሲደርሱ ዘጠኝ መቶ ድራም ብታወጣ እጇን መልሶ አጠፈላት። «ዛሬ እዚህ ከሚመጣ ሰው አልቀበልም» አለ። የሬቫን ውስጥ ገንዘብ እምቢ ያለ ባለ ታክሲ አጋጥሟት አያውቅም። እንዳወቃት ገባት፤ የድሮ ዘፋኝ የሚያከብር ልጅ አሁንም አለ ማለት ነው። አንገቷን ቀና አድርጋ ወረደች።

ደረጃው ላይ ሰው እስከ መንገዱ ተሰልፏል። ትኬት የያዘ ግን አላየችም፤ ሁሉም አበባ ይዟል። አንዳንዱ ዞር ብሎ አያትና ጎረቤቱን በክርኑ ነካ አደረገ። አርፔኒክ ባዶ እጇን መግባት ስላልፈለገች ጥግ ላይ ካለችው ሻጭ ዘንድ ሄዳ ጽጌረዳ ጠየቀች። መድረክ ላይ ለራሷ የሚሰጣት ሰው ባይኖር ይዛው ትቆማለች። ሴትዮዋ ስድስት ቆጥራ ጠቀለለችላት።

«ምን ነካሽ? ሟርተኛ ነሽ እንዴ? ሙሉ ቁጥር ለመቃብር ነው። ለቆመ ሰው ጎዶሎ ነው የሚሰጠው፤ አምስት አድርጊው።»

ሻጯ እጇ በአየር ላይ ቀረ። «እዚህ… ከጠዋት ጀምሮ የሸጥኩት ሁሉ ሙሉ ነው እኮ እናቴ» አለች ቀስ ብላ።

አርፔኒክ አንዷን ጽጌረዳ ከጥቅሉ መዛ ሣጥኑ ላይ ወረወረችላት። ልቧ አንድ ነገር ሊነግራት ፈልጎ ነበር፣ እሷ ግን ልቧንም አታምንም። በዚያው ቅጽበት ከአዳራሹ ውስጥ ጭብጨባ ተነሣ። ከባድ፣ ረጅም፣ ቆሞ የሚጨበጨብ ጭብጨባ። ጀመሩ! ያለ እኔ ጀመሩ! ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ ሰዉን በትከሻዋ እየገፋች ደረጃውን ወጣች። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። ትልቁ በር ላይ ስትደርስ ወደ ውጭ ተከፈተና ጭብጨባው ፊቷ ላይ ፈሰሰ።

ሳጥን ነበር። ስድስት ወንዶች ተሸክመውት ይወጣሉ፤ ፊተኛው የሰባት አውታር ባስ ጊታር ተጫዋች፣ አሁን ራሰ በራ። የሚያጨበጭቡት ያለቅሱ ነበር። አርቲስት ከመድረኩ የሚሸኘው እንዲህ ነው፤ እሷም በዚህ በር ስንቱን አጨብጭባ ሸኝታለች። ከሳጥኑ ኋላ የሚህራን ትልቅ ፎቶ ጥቁር ሪባን ታስሮበት መጣ። ከፎቶው ኋላ በጥቁር ልብስ ዛሩሂና ነጭ ሸሚዝ ለባሹ ህማያክ። አርፔኒክ ወርቃማ ቀሚስ ለብሳ፣ ከንፈሯን ቀብታ፣ አምስት ጽጌረዳ ይዛ መሐል በሩ ላይ ቆማለች። ጭብጨባው አንድ በአንድ ተቋረጠ።

«እማዬ!» ዛሩሂ ሮጣ መጥታ ክንዷን ያዘች። «እማዬ ልብሽን ፈርቼ ነው! ሐኪሙ ያለውን ታውቂያለሽ። ከአርባው በኋላ ቀስ ብዬ ላረዳሽ ነበር…» ተሳስታለች ለማለት ያስቸግራል፤ እዚህ አገር ልበ ደካማ ሰው ድንገት መርዶ አይነገረውም፣ ቤተ ዘመድና ጎረቤት ተባብሮ ይደብቅለታል፣ ባለ ታክሲ እንኳ። አርፔኒክ ግን የልጇን እጅ ከክንዷ ላይ አላቀቀች።

«መቼ?»

«ዓርብ» አለ ሌላ ድምፅ። የሚህራን ሚስት ግሬታ ነበረች። አርፔኒክ ይህችን ሴት ወዳት አታውቅም። አጭር፣ ዓይኗ የደረቀ፣ ጥቁር ሻሿን እስከ ቅንድቧ ያሰረች ሴት ናት። «ዓርብ ረፋድ ላይ። ስልኩን አምጪልኝ ሲለኝ ነበር፣ በእጁ።»

«ምን ስልክ?»

«አላወቅሽም እንዴ?» ግሬታ ጠጋ አለች። «በጥር ሐኪሞች ጉሮሮውን ቆርጠው አወጡት። ድምፁ በዚያው ቀረ፤ በአንገቱ ቀዳዳ ነበር የሚተነፍሰው። ቤትሽ የሚሰማ ሌላ ሰው በሌለበት ሰዓት ይደውልልሽ ነበር። ቀለበቱን ጠረጴዛው ላይ ያንኳኳል፣ ድሮ ጊታሩ ላይ እንደሚቆጥረው። ከዚያ ጣቱን ወደ ስልኩ ይቀስራል፤ ‹አንቺ› እንደማለት። ‹አንቺ ጀምሪ›። አንቺ ትሰድቢዋለሽ። እሱ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃል። ተናድጄ ‹ስጠኝ ልንገራት› ስለው ስልኩን ደረቱ ላይ ይሸሽጋል። ‹ተያት› ይለኛል በምልክት፣ ‹ድምጿ አላረጀም›። ከዚያ ደግሞ ያንኳኳል።»

ቋ… ቋ… ቋቋ። ሁለት ዘገም፣ ሁለት ፈጠን። አርፔኒክ ሺህ ጊዜ በዚህ ቁጥር መድረክ ላይ ገብታለች፣ በእንቅልፏ እንኳ ታውቀዋለች። ግን አድማጭና ሌባ ስትፈልግ የነበረች ጆሮ እንዴት ትስማው? የመጀመሪያውን ስንኝ በየቀኑ ሲያቀርብላት፣ በየቀኑ መልሳ በስድብ ሰጥታዋለች። አንደበትህ ይዘጋ ብላዋለች፣ አንደበት ለሌለው ሰው። አፈረች። ስለ ቀሚሱ አልነበረም፤ ቀሚሱን ረስታዋለች። ከዚህ በፊት ማንንም ይቅርታ ጠይቃ አታውቅም፣ አሁን ደግሞ የምትጠይቀው የለም።

«ዝቅ አድርጉልኝ» አለች ተሸካሚዎቹን።

ተያዩ። ግሬታ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች፣ ሳጥኑም እስከ ወገባቸው ወረደ። አርፔኒክ ጽጌረዳዎቹን ክዳኑ ላይ አኖረች። አምስት መሆናቸውን አይታ አንዱን መልሳ አነሣችና ለዛሩሂ ሰጠቻት። ከዚያ ቀለበቷን እንጨቱ ላይ አንኳኳች፤ ሁለት ዘገም፣ ሁለት ፈጠን።

*ድልድዩ ላይ ቆሜ፣ መንገድ መንገድ ሳይ፣*
*ውሃው ብቻ አለፈ፣ አንተስ አትመጣም ወይ?*

ድምጿ መጀመሪያው መስመር ላይ ተሰነጠቀ፣ ሁለተኛው ላይ ጸናላት። አላረጀም ነበር። ስንኙን እስከ መጨረሻው ዘፈነችውና ዝም አለች፤ ከዚህ ቀጥሎ «መጣሁ» የሚለው የእሱ ነው። ባስ ተጫዋቹ አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። ደረጃው ላይ ካለው ሰው ሁሉ የዘፈኑን ቃል የማያውቅ አልነበረም፣ ግን ማንም አልነካውም። አርፔኒክ በጣቷ እንጨቱ ላይ ልኩን እየጠበቀች የሚህራን ስንኝ ሙሉ ርዝመቱን እስኪጨርስ ቆመች። ዛሩሂ ጥቁር ካፖርቷን አውልቃ ትከሻዋ ላይ ልትጥልላት ስትል በእጇ አቆመቻት።

ስንኙ ሲያልቅ ጣቷን ከሳጥኑ ላይ አነሣች።

«በቃ ጨርሷል» አለች። «አሁን ውሰዱት።»